የአክስቴ ግንባር ላይ ያለው መስቀል

ዘንድሮ አዲስ አበባ መጥቼ የከረምኩት ፒያሳ አክስቴ ቤት ነው። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ልጇ ለብቻዬ ጠርታ አንድ ነገር አማከረችኝ። አክስቴ በቅርቡ ቨርጂኒያ ወንድ ልጇ ጋ ልትሄድ ነው፣ ፕሮሰሱ አልቋል። «ከመሄዷ በፊት ያንን ንቅሳት በሌዘር እናስጠፋላት ብዬ ነበር። እዚያ ሰው ያፈጥባታል አይደል?» አለችኝ። ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

አክስቴ ግንባሯ መሀል ላይ መስቀል ተነቅሳለች። ልጅ ሆኜ ልትስመኝ ስትጎነበስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። አሁን ቀረብ ብዬ ሳየው ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ሄዷል፣ ጠርዙ ደብዝዟል፣ አንዱ ክንዱ ከሌላው ያጥራል። በዕድሜ የመጡት ሦስት አግድም መስመሮች መሀል ለመሀል ያቋርጡታል። ቅንድቧን ስታነሳ መስቀሉ ይታጠፋል፣ ስትመልሰው ይዘረጋል። ግራ ቅንድቧ ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ጠባሳዎች አሉ፣ በልጅነቷ ዓይኗን ሲያማት የተበጣችው ነው። ያኔ በገጠር ለዓይን ማዝ ቅንድብ መብጣት እንደ መድኃኒት ይቆጠር ነበር። በሽታውን አያድነውም፣ ጠባሳው ግን ይቀራል። ጉንጮቿ ላይ ማዲያት አለ። አገጯ ሥር ያለችውን ቡናማ ነጥብ ደግሞ ይዛት ነው የተወለደችው፣ እናቷ «ማርያም የሳመችሽ ናት» ይሏት ነበር።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ስሠራ 16 ዓመቴ ነው። በየጠዋቱ ለብ ባለ ፎጣ የሰው ፊት አጥባለሁ። እንዲህ ስትኖር ፊት ማንበብ ትለምዳለህ። ሁሌ በአንድ ጎኑ የሚተኛ ሰው ጉንጩ ላይ ትራሱ የሠራው መስመር ይኖራል፣ ከሳቅ ከሚመጣው በመልኩም በአወራረዱም ይለያል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ የግራ ጉንጫቸው ከቀኙ አሥር ዓመት የሚበልጥ ነበር የሚመስለው። እንዲህ ያለው ነገር በሕክምና የታወቀ ነው። በ2012 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 28 ዓመት የነዳ አንድ ሹፌር ፎቶ በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር፣ በመስኮቱ በኩል ያለው የፊቱ ግማሽ ተሸብሽቦ፣ ሌላው ግማሽ ደህና። መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር ይከለክላል እንጂ ወደ ቆዳ ውስጥ ዘልቆ የሚያላላውን ያሳልፋል። ባለፈው ከፒያሳ አራት ኪሎ በሚኒባስ ስሄድ ሹፌሩ መልስ ሊሰጠኝ ዞር ሲል ያንኑ ግራ ጉንጭ አየሁት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥቁር ቆዳችን ከመሸብሸብ በደንብ ይጠብቀናል። ከማዲያት ግን አያድነንም፣ እንዲያውም ይብስብናል።

እዚያ አሜሪካ ሰው ስለ ፊትህ ምንም አይልህም። ይኼ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። እዚህ ገና ቦሌ ከመውረድህ «ምነው ጠቆርክ? ከሳህ፣ ምን ሆነህ ነው?» ይልሃል ዘመድ። ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ግን 16 ዓመት ሙሉ ከሐበሻ በቀር «ዛሬ ፊትሽ ልክ አይደለም» ያለኝ ሰው የለም፣ ልክ ያልነበረበት ቀን ደግሞ ብዙ ነው። እዚያ ዝም ይባልና መስመሩ በገንዘብ ይጠፋል። ቦቶክስ የሚባለው መርፌ በቅንድብ መካከል ላሉት መስመሮች አሜሪካ የተፈቀደው በ2002 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ነርቩ ጡንቻውን «ተኮማተር» እንዳይለው ያግደዋል፣ ለሦስት አራት ወር ይሠራል፣ ከዚያ እንደገና መወጋት ነው። ከምንከባከባቸው አንዲት እናት መርሳት ይዟቸው ነበር። ልጃቸው በየእሑዱ ትመጣለች፣ እጃቸውን ይዛ ታለቅሳለች፣ ግንባሯ ግን ፍንክች አይልም። እሳቸው ትክ ብለው ያይዋትና ወደ እኔ ዞረው «ይቺ ሴት ምን ፈልጋ ነው?» ይሉኛል። ከሕመማቸው ሊሆን ይችላል፣ የልጅቷ ጥፋት ነው አልልም። ግን ግንባሯ ቢቋጠር ኖሮ ማዘኗ እንኳ ይገባቸው ነበር እላለሁ፣ ያ ፊት ከዓይኔ አይጠፋም።

እኛም ጋ ያው ሆኗል። ፒያሳ አንድ የመዋቢያ ሱቅ ገብቼ መደርደሪያው ግማሹ ማንጫ ክሬም ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ፣ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። ስቴሮይዱ ለጊዜው ማዲያቱን ያደበዝዘዋል፣ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ስታቆሚው ብሶ ይመለሳል። ሻጯ ልጅ 20 ዓመት አይሞላትም፣ ጉንጮቿ ቀልተው የደም ሥሮቿ ይታያሉ። «ራስሽም ትቀቢያለሽ?» አልኳት። «ካቆምኩት ይጠቁራል» አለችኝ። ሐኪም ጋ ሂጂ ከማለት በቀር ምን ልበላት?

ንቅሳትን በተመለከተ ሳይጠየቁ በልጅነታቸው የተነቀሱ፣ በስደት አገር መጠየቁ የሰለቻቸው፣ አስጠፍተው ቀለል ያላቸው እህቶች አውቃለሁ። ትክክል ናቸው፣ ግንባሩ የእነሱ ነው። ሌዘሩ ጥላሸቱን ይሰባብረዋል፣ ሰውነት ቀስ በቀስ ያጸዳዋል። አንዴ ተደርጎ አያልቅም፣ በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ካልያዘው ያቃጥላል ወይም ነጭ ምልክት ይተዋል። ይኼን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ነገርኳትና «ለመሆኑ እሷን ጠይቀሻታል?» አልኳት። አልጠየቀቻትም። እኔም ያን መስቀል 40 ዓመት ስስመው ማን እንደነቀሳት ጠይቄያት አላውቅም።

እሑድ ከጊዮርጊስ ስንመለስ ቡና ላይ ጠየቅናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ሰሜን ሸዋ። ጎረቤት ያሉ ባልቴት በመርፌና በኩራዝ ጥላሸት ነቀሷት። ታላቅ እህቷ ቀድማ ተነቅሳ ስታለቅስ ስላየች እሷ ለመሮጥ ስትነሳ ይህ አንዱ ክንድ አጠረ። እየነገረችን በጣቷ ያጠረችውን በኩል ትዳብሳለች።

«እቴቴ፣ ከመሄድሽ በፊት ይጥፋልሽ ወይ?» አልኳት።

ዝም ብላ አሰበች። ያማል ወይ፣ ስንት ያስከፍላል፣ ብላ ጠየቀች። ነገርናት።

«መስቀሉን ተዉት። ይኼን ማዲያት የሚያጠፋ ከሆነ ግን እሄዳለሁ» አለች።

ማዲያትን ሌዘር ሊያባብሰው እንደሚችል፣ ዋናው ከፀሐይ መከለል እንደሆነ አስረዳኋት። በማግስቱ የቆዳ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዝንላት። ስንወጣ ጥቁር ጥላዋን ዘርግታ ግማሹን ለእኔ አደረገችልኝና፣ ከሥሩ ሆና ቀና ብላ ፊቴን አየች።

«አንቺም ጠቁረሻል» አለችኝ። «ምን ሆነሽ ነው?»

እስከ ቤት ድረስ ነገርኳት።