እኩል ነው ጎበዝ!

ሒሳብ ሲመጣ ስልኩን መዞ የሚያካፍል ሰው ያናድደኛል። በተለይ አብዝቶ የበላው እሱ ከሆነ። ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ አንድ ጠጅ ቤት ሰባት ሆነን ተቀመጥን። ሒሳቡ 2,003 ብር መጣ። ጥብሱን ያስደገመው ወዳጃችን ከሁሉም ቀድሞ «እኩል ነው ጎበዝ! 286 ከምናምን» አለ። ጨጓራውን የሚያመው ጓደኛችን አንድ ብርሌ ብርዝ ብቻ ጠጥቶ 286 ብር ቆጠረ። ምናምኗ አንድ ብር ናት። ማን ይክፈላት በሚል ክርክር አስተናጋጇ ቆማ ቀረች።

2,003 እኮ ብቸኛ ቁጥር ነው። ለአንድና ለራሱ ካልሆነ ለማንም እኩል አይካፈልም። አሥራ አንድ ብንሆንም አንድ ብር ትተርፋለች፤ አሥራ ሦስት ብንሆንም አንድ ብር። ወይ አንድ ጀግና ሁሉንም ይከፍላል፣ ወይ 2,003 ሰው ይጠራል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ተራቹ ሒሳብ ያውቃል። ሃምሳ ለሁለትም፣ ለአምስትም፣ ለአሥርም፣ ለሃያ አምስትም ይዳረሳል። ሎሚው 53 ቢሆን ኖሮ ወይ አንዱ ምስኪን ይጎብጣል፣ ወይ 53 ሰው ከየመንደሩ ይለቀማል። መሀል የለውም።

ትልልቆቹማ ጉድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሉክ ዱራንት የተባለ ሰው ያገኘው ብቸኛ ቁጥር ከዚያ በፊት ከታወቁት ሁሉ ይበልጣል። 136,279,841 ሁለቶችን እርስ በርስ ታባዙና አንድ ትቀንሳላችሁ። 41,024,320 አሃዝ አለው! ፍለጋው ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። በየአገሩ ኮምፒውተራቸውን በፈቃዳቸው ያሰለፉ ሰዎች ለዓመታት ሲፈልጉ ኖረዋል። ሎሚውን ተካፍለውታል ማለት ነው። ያን የሚያህል ሒሳብ ቢመጣ እንኳ ወዳጃችን «እኩል ነው» ከማለት አይመለስም።

እኔን ግን ዛሬም የሚያንገበግበኝ 91 ነው። ቡሬ ስማር የሒሳብ መምህራችን ከብቸኞቹ ቁጥሮች ጋር ሰሌዳው ላይ ደረደሩት። እጄን አውጥቼ «ሰባት ጊዜ አሥራ ሦስት 91 ነው» አልኩ። ያገኘሁት ኩርኩም ነው። ኧረ እንዲህ ያለ ስህተት የትም አለ! ማሪን ሜርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 ስልሳ ሰባት ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ ብቸኛ ቁጥር ይሆናል ብሎ ጻፈ። በ1903 ፍራንክ ኮል የሚባል አሜሪካዊ በሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ፊት ተነሣ። 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዝቶ ያንኑ ቁጥር ሰሌዳው ላይ አወጣው። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተመልሶ ተቀመጠ ይባላል። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ለእሱ ጭብጨባ፣ ለእኔ ኩርኩም! ያውም የእኔን በጣት ቆጥሮ ማረጋገጥ ይቻል ነበር።

የጥብሱስ ነገር? «የበላኸውን ክፈል» ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። መምህሩን ፈልጌ ስለ 91 ብሟገት ይቀለኛል።