ውዳሴ ለተራማጁ አጥር

ደሴ ውስጥ ቆሞ የሚውል አጥር የለም። ለዚህ ማስረጃ እንደማትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ እያንዳንዳችሁ በየሰፈራችሁ ቢያንስ አንድ ተራማጅ አጥር አላችሁ። የእኛ ሰፈሩ፣ ጭነት የያዘች አህያና ባለቤቷ ጎን ለጎን ያልፉበት የነበረውን መንገድ በጥቂት ክረምት ውስጥ ለአህያዋ ብቻ አስቀርቶት ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቀብር የወጡ ጎረቤቶች ቃሬዛውን በጎኑ አዘንብለው ለማሳለፍ ተገደዱ። የአጥሩ ባለቤትም ከለቀስተኛው መካከል ነበሩ፤ እንዲያውም «ቀስ በሉ፣ ቆርቆሮው እንዳይነካ» እያሉ መንገዱን የመሩት እርሳቸው ናቸው።

እንዲህ ያለ ሰው ይወቀሳል እንዴ? ለእኔ ሽልማት የሚገባው ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስንል ኖረናል፤ አጥር በእግሩ እንዲሄድ ያደረጉት ግን እርሳቸውና መሰሎቻቸው ናቸው። ሥራቸው ጥድፊያ የለበትም። በመጀመሪያው ዓመት ግንቦት ላይ «ለጎርፍ መከላከያ» ተብለው ጥቂት ድንጋዮች ይደረደራሉ። በሁለተኛው ዓመት ከድንጋዮቹ ወዲያ፣ ማንም ሳይተክለው፣ ቁልቋል ይበቅላል። ቁልቋሉን ከከብት ለመጠበቅ ከእርሱ ወዲያ አጣና ይቆማል፤ አጣናው ሲበሰብስ ከአጣናው ወዲያ ቆርቆሮ ይመታል፤ ሌባ ስለበዛ ከቆርቆሮው ወዲያ ብሎኬት ይገነባል። እያንዳንዱ እርምጃ የየራሱ በቂ ምክንያት አለው። እስከ ዛሬ ወደ ውስጥ የታደሰ አጥር አለመኖሩም በአጋጣሚ ብቻ ነው።

ይህን ፍጥነት በቁጥር ለመግለጽ ሞክሬአለሁ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጥሩ በዓመት አንድ ክንድ፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ያህል ቢራመድ፣ ኮምቦልቻ የሚደርሰው በ50 ሺህ ዓመት ውስጥ ነው። በእርግጥ ሐረጎን ሲጀምር መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ጥቂት ሺህ ዓመታት ሊቀንስለት ይችላል፤ በየኩርባው ለመተንፈስ ቆም ካለ ግን ያተረፈውን እዚያው ያጠፋዋል። ደግሞም ኮምቦልቻ እጇን አጣጥፋ አትጠብቅም። እዚያም ያሉት አጥሮች ከቦርከና ዳር ተነሥተው ዳገቱን በትጋት ስለሚወጡ፣ ሁለቱ ወገኖች 25 ሺህ ዓመት ገደማ ሲሆን ሐረጎ ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በዚያን ጊዜ አበጋሮች ይጠራሉ፣ ዱአ ይደረጋል፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል። ከዚያም ሽማግሌዎቹ ሁለቱም ወገን ደክሟልና ማንም አይጎዳ በማለት አስፋልቱን እኩል ያካፍሏቸዋል። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው አውቶቡስ በማን በኩል ያልፋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ነገር ፈላጊ ነው። አውቶቡሱ የግራ ጎማዎቹን ከደሴው አጥር ባለቤት፣ የቀኝ ጎማዎቹን ከኮምቦልቻው ባለቤት መሬት ተከራይቶ ያልፋል፤ ተሳፋሪውም ጥጉን ይዞ በእግሩ ይከተላል። ኪራዩ በክረምት ሊጨምር ይችላል።

ከተሜው ይህን ጥበብ ከየት አመጣው ለሚል፣ ምንጩ ገጠር ነው፤ በገጠር አጥሩን ተክቶ የሚራመደው ማረሻ ነው። በደሴ ዙሪያም ሆነ በቃሉ፣ በሁለት ማሳዎች መካከል ሣር የለበሰ ጠባብ ድንበር ይተዋል። ገፊው ገበሬ በየዓመቱ በመጨረሻው ትልም ላይ በሬዎቹን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደዚያ ያዘነብላቸዋል። ቢጠየቅ «በሬው ነው» ይላል። የበሬው ጥፋት ሁልጊዜ ወደ ጎረቤት ማሳ እንጂ ወደ ባለቤቱ አለማዘንበሉ የእንስሳውን ታማኝነት ያሳያል።

ገፊውን ሕግ አያውቅም የሚሉት ስሙን ለማጥፋት ነው። ከእርሱ የበለጠ ሕግ አክባሪ የለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን፣ «መሬት ለአራሹ» የሚለውን መፈክር ሌላው ሰው በሰልፍ ዘመረው፤ ገፊው ግን ቃል በቃል ተቀበለው፤ ያረሰውን ሁሉ የእርሱ ነው ብሎ አመነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ሲልም በሙሉ ልቡ ተስማማ። አልሸጠም። አልለወጠም። ገፋ እንጂ።

የይዞታ ደብተር ሲመጣማ ይበልጥ ሠለጠነ። በመጀመሪያው አረንጓዴ ደብተር ካርታ አልነበረም፤ ስፋቱ በገመድ ተለክቶ ወይም ተገምቶ ከተጻፈ በኋላ ወሰኑ የሚታወቀው በአዋሳኝ ስም ነበር፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በሰሜን እገሊት፣ በደቡብ የወል ግጦሽ፣ በምዕራብ ወንዝ። ሌላው ገበሬ ይህን ሲያነብ አድራሻ ታየው፤ ገፊው ግን በአራቱም አቅጣጫ ማን አፍ እንዳለውና ማን እንደሌለው ለየበት። እገሌ ጉልበተኛ ነው፣ አይነካም። የወል ግጦሽ የሁሉም ስለሆነ ማንም አይከራከርለትም። ወንዙ ምስክር አይቆጥርም። እገሊትስ? ካርታ ያለው ሁለተኛው ደብተር ከመጣ በኋላም ተስፋ አልቆረጠም፤ ካርታው ላይ ያለው መስመር ራሱ ውፍረት እንዳለው አስተውሎ በውፍረቱ ውስጥ ማረስ ጀመረ።

እገሊት ባሏ የሞተባት፣ ልጇ ዓረብ አገር የሄደችባት፣ በሬ ስለሌላት መሬቷን ለእኩል የምትሰጥ ሴት ናት። ያላት መሬት ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ገፊው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ የሚገፋትም ስለሚያውቅ ነው። በ1966 እና በ1977 ወሎ ውስጥ ምን እንደሆነ ከአያቱ አፍ የሰማ፣ አንዲት ትልም ምን ያህል እህል እንደምታወጣ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው፣ በየዓመቱ ከዚህች ሴት ምጣድ ላይ እንጀራ ያነሣል። ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ማለዳ ተነሥታ ብትጮህ «ምስክር አምጪ» ትባላለች፤ ምስክሮቹም ነገ ከነገ ወዲያ በሬ የሚለምኑት ገፊውን ስለሆነ አንዳቸውም አላዩም። ማታ ደግሞ ሁላችንም እቤቱ ቡና እንጠጣለን። እፍረቱን የገፊው ብቻ አድርገን የምንነጋገረው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ወደ ውዳሴው ልመለስ። የገፊው ትጋት ለአፈር ጥበቃም ተርፏል። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ከሰፈሩ ጋር ወጥቶ እርከን ይሠራል፤ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ከሆነም ለሥራው እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። ሰኔ ሲገባ ያንኑ እርከን ከሥሩ እየፋቀ ያርሰዋል፤ የእርከኑ አፈር ለም፣ ቦታውም የማንም ስላልሆነ ማለት ነው። እርከኑ ሐምሌ ላይ ይደረመሳል፤ በሚቀጥለው ጥር እንደገና ይሠራል። ሥራ ፈጠራ ማለት ይህ ነው። አያቶቹም በደርግ ዘመን በስንዴና በዘይት የሠሩትን እርከን መንግሥት ሲለወጥ ስላፈረሱት፣ ሙያው የዘር ነው ማለት ይቻላል።

ከደሴ በስተደቡብ ማይባር ላይ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ጎርፍ የሚወስደው አፈር ዓመት ከዓመት ሲለካ ኖሯል። ለአገሪቱ የእርሻ መሬት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን ነው። ከሰው ሁሉ ገፊው በዚህ ሊደነግጥ ይገባው ነበር፤ በወርድ አንድ ክንድ ባገኘ ቁጥር፣ ውኃ የሚያቆመውን ሣርና እርከን ስለፋቀ፣ ከመሬቱ ሁሉ በጥልቀት ይከስራል። ትርፉ ከላይ፣ ኪሳራው ከታች ስለሆነ ግን አይታየውም። ከጥቂት ዓመት በኋላ በማሳው መሐል ቦረቦር ይከፈታል። ቦረቦሩም እንደ ባለቤቱ በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን ይገፋል፤ አፈሩ ወደ ቦርከና፣ ከቦርከናም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በበልግ ዝናቡ ሲቀር ገፊውም እንደማንኛችን ለእርዳታ ይሰለፋል፤ ሰልፉ ላይ እንኳ ከፊቱ ያለውን ሰው በትከሻው ገፋ ማድረጉ አይቀርም።

እንግዲህ አቤቱታ ቀርቦ የልኬት ኮሚቴ የወጣ እንደሆነ ደግሞ ጨዋታው ይደምቃል። ከኮሚቴው አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያዛል፣ አንዱ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ስለዚህ የገመዱን አንድ ጫፍ የሚይዝ ሰው ይጠፋል። መሬቱን በደንብ የሚያውቀው ገፊው ራሱ ስለሆነ ጫፉ ለእርሱ ይሰጣል። ሲለካ መሬቱ ከደብተሩ በልጦ ይገኛል። ገፊው ከሁሉም በላይ ይገረማል፤ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር» ይላል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል። ከዚያ አዋሳኞች አስተያየት እንዲሰጡ በየስማቸው ይጠራሉ። ጉልበተኛው እገሌ ቅሬታ የለኝም ይላል። እገሊት መናገር ስትጀምር ምስክሮቿን ይዛ በሌላ ቀን እንድትመለስ ይነገራታል። የወል ግጦሹን ወክሎ የሚናገር ሰው አይገኝም። በመጨረሻም በምዕራብ አዋሳኝ የሆነው ወንዝ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ባለመቅረቡ፣ ተቃውሞ እንደሌለው ተቆጥሮ ቃለ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል።