ትራስ ሥር

እናቴ በሽተኛ ልትጠይቅ ስትሄድ ብርቱካኑን በፌስታል ትይዛለች፤ መቀነቷ ጫፍ ላይ ደግሞ የተቋጠረች ብር አለቻት። ያቺን ብር ለማንም ስትሰጥ አይቼ አላውቅም። «እስቲ ቀና በል፣ ትራስህ ተጣሟል» ትላለች፤ እጇ ትራሱ ሥር ገባ ብሎ ይወጣል፤ አለቀ። ጠያቂው ሁሉ ከወጣ በኋላ ቤተሰቡ ትራሱን አንስቶ ይቆጥራል። ማን ስንት እንዳስቀመጠ ግን አይታወቅም።

ይሄ ትዝ ያለኝ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሥራ ገብቼ አልጋዬ ላይ ስልኬን ስነካካ ነው። ከጉለሌ የወጣን የአንድ ሰፈር ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። የሁላችንንም የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሰፉት ጋሼ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ እጥበት መጀመራቸው ተነገረን። ሐኪም ያዘዘላቸው በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው፤ እሳቸው ግን አቅማቸው ስለማይፈቅድ የሚታጠቡት ሁለቴ ነው። ልጃቸው የሐኪም ማስረጃውንና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ላከች። ከእኛ የሄደው የመጀመሪያ መልስ «እግዜር ይማራቸው» ነበር፤ ሁለተኛው «ቪዲዮ ላኪ፣ ፊታቸው በደንብ ይታይ» የሚል። ለዚህኛው እኔም አውራ ጣት ሰጥቻለሁ።

ቪዲዮው መጣ። ጋሼ ሸሚዛቸውን ከፍተው አንገታቸው ሥር የገባውን ቱቦ ያሳያሉ። ካሜራው የት እንዳለ ግራ ገብቷቸው ወደ ጎን እያዩ «ልጆቼ፣ አደራችሁን» ይላሉ። የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያው ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ላለ ሰው በቀጥታ ስለማይከፈት አንዱ ልጅ ቨርጂኒያ ሆኖ በስሙ ከፈተና ቪዲዮውን ለጠፈው። ከዚያ ቲክቶክ ወሰደው፤ የማናውቃቸው ሰዎች የሚያሳዝን ሙዚቃ ጨምረው ለቀቁት።

እርግጥ ማስረጃ መጠየቅ ያለ ምክንያት አልመጣም። የአንድ ሕፃን ፎቶ በሁለት የተለያየ የሒሳብ ቁጥር ሲዞር አይተናል። የተቃጠለ ሰው ሲጠራጠር አይፈረድበትም። ግን ጥርጣሬያችንን የሚከፍልልን አጭበርባሪው ሳይሆን በሽተኛው ነው።

እኔ የምሠራው አንድ ሆስፒታል ምዝገባ ክፍል ነው። መክፈል ለማይችል ታካሚ የምሰጠው ፎርም አለ፤ የቤተሰብ ብዛት፣ ገቢ፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት። በሜሪላንድ ሕግ የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር እጥፍ ካልበለጠ ሆስፒታሉ አስፈላጊውን ሕክምና በነፃ መስጠት አለበት። ፎርሙ ፎቶ አይጠይቅም፤ ማልቀስ አይጠይቅም። የታማሚውን ጉዳይ እኔ ለባልደረባዬ እንኳ ያለ ሥራ ባወራ ከሥራ እባረራለሁ። (የሚገርመው ደግሞ የእኛው ሰው ነው፤ ፎርሙን ስሰጠው ዙሪያውን ቃኝቶ «ተይው፣ እከፍላለሁ» ይልና ቆይቶ ዕዳ ሰብሳቢ ይደውልለታል።)

አሜሪካ ደግ ስለሆነች አይደለም። እዚህም በሕክምና ዕዳ ቤቱ የፈረሰ ብዙ ነው፤ ጎፈንድሚም ራሱ ለሕክምና በሚለምኑ አሜሪካውያን የተሞላ ነው። የኩላሊት ነገር ግን ለየት ይላል። በኅዳር 1971 እ.ኤ.አ. ሼፕ ግሌዘር የሚባል ታማሚ ዋሽንግተን በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ከነማሽኑ ቀርቦ፣ የሕዝብ እንደራሴዎቹ እያዩት ደሙ ታጠበ። በዓመቱ በ1972 ሕግ ወጣ። ከ1973 ጀምሮ ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው ወይም ወላጁ ሠርቶ ግብር የከፈለለት የኩላሊት ሕመምተኛ ሁሉ ዕድሜው ስንትም ይሁን የእጥበቱን አብዛኛውን ወጪ የመንግሥቱ የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ይሸፍንለታል። ግሌዘርም እንደ ጋሼ ገላውን አሳይቷል። ልዩነቱ እሱ ያሳየው ሕግ ለሚያወጣ ሰው መሆኑ ነው፤ ከኋላው የመጡት የኩላሊት ሕመምተኞች ለእጥበታቸው ሲሉ ሸሚዛቸውን መክፈት አላስፈለጋቸውም። እኛ ዘንድ እያንዳንዱ በየተራው፣ ለራሱ፣ ለዚህ ወር ብቻ ነው የሚያሳየው። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሌላ ቪዲዮ ያስፈልጋል፤ የድሮውን ሰው አይቶ ጨርሶታላ!

አገር ቤት ምንም አልተሠራም ማለቴ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የተስፋፋው፤ የዓመት መዋጮውን መክፈል ላቃተው መንግሥት ይከፍልለታል። ነገር ግን ሥር ለሰደደ የኩላሊት ሕመም የሚደረገው እጥበት ሲጀመር ከሽፋኑ ውጭ ነበር። የቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀትም ካርድና አልጋ ያስገኛል፤ መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌለ «ከውጭ ግዙ» ነው።

ሐምሊን የፊስቱላ ሆስፒታል ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ያክማል፤ ታካሚዋ ፊቷን አሳይታ ብር ማሰባሰብ አይጠበቅባትም። መቄዶንያም በ2017 ዓ.ም. በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት ለሕንፃው ሲያሰባስብ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ተገኝቷል፤ ያን ሌሊት እኔም አልተኛሁም። ያን ዕለት እጁን የዘረጋው ድርጅቱ ነው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው፤ ልመና የግድ ከሆነ በበሽተኛው ፋንታ ተቋም ይለምን።

እዚህ ያለው እድራችን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አንድ ሰው ሲሞት አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ በሁለት ሌሊት ገንዘቡ ይሞላል፤ ቪዲዮ የሚጠይቅ የለም። ያው ሰው በሕይወት እያለ ታሞ ቢሆን ግን «ማስረጃ» እንለዋለን። ይህን በስብሰባ ላይ ብናገር አንድ አባት «ልጄ፣ ሞት አያጭበረብርም» አሉኝ። መልስ አጣሁላቸው።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስገባ የግሩፑን ብር ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። የስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኗል። እጄን ይዘው መረቁኝ፤ ስለ ገንዘቡ አመስግነው አልጠገቡም። ቡናው እስኪፈላ ስናወራ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መቼም ቸር ናችሁ። ብቻ አሁን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም የሚለው አንገቴን ነው» አሉኝ። ኮሌታቸውን እስከ ላይ ቆልፈውታል። ሐምሌ ቢሆንም ቤቱ ውስጥ ከሰል ተቀጣጥሎ ይሞቅ ነበር።

ስልኬ ውስጥ ከግሩፑ የመጣ መልእክት አለ፤ «ስትሰጫቸው ፎቶ አንሺ፣ ለሰጪዎቹ ይለጠፋል።» ጋሼ ወደ ጓሮ ወጣ ሲሉ ፖስታውን አልጋቸው ላይ ትራሱ ሥር አደረግኩት። ሲመለሱ አይናቸው ወደ ትራሱ ሄደ፤ ትንሽ ጠመም ብሎ ነበር። ምንም ሳይሉ ተቀመጡና ሁለተኛውን ቡና ጠጣን።

ሰፈሩን ሳልለቅ «አድርሻለሁ» ብዬ ለግሩፑ ጻፍኩ። መልሱ ታክሲ ውስጥ ሳልገባ ደረሰ፤

«ፎቶውስ?»