ሽልማቱ ግቡን እንዳይበላው

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ ጎንደር ላይ ደግሞ ከተረትነት ያልፋል። ጥር ሲቃረብ ልብስ ሰፊው ወረፋ ይበዛበታል፣ ዘመድ ከየአገሩ ይመጣል፣ የቤቱ ወጪም አብሮ ይንራል። ለዚህ ነው ለራሱ ግብ ማውጣት ለሚፈልግ ጎንደሬ ከጥምቀት የተሻለ ቀነ ገደብ የለም የምለው። ቀኑ አይገፋም፣ ሽልማቱም፣ አዲሱ ልብስ፣ ታውቆ ያደረ ነው። የሚበላሸው ሽልማቱን ከግቡ ጋር የምናያይዝበት መንገድ ነው።

«ዘንድሮ እቆጥባለሁ፣ ስፖርትም እጀምራለሁ» የሚል ሰው ምን ያህል፣ እስከ መቼ፣ ከየትኛው ገቢ የሚለውን ካልጻፈ ማለፉንም መውደቁንም ማወቂያ የለውም። በቁጥር እንየው። ከመስከረም 1 እስከ ጥር 11 ድረስ 130 ቀን ነው፤ በመካከሉ አራት ደመወዝ አለ። ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ ሰው በየወሩ 1,800 ብር ቢያነሣ አምስተኛው እጅ መሆኑ ነው። ከዚህ ላይ 1,500ው ለግቡ፣ 300ው ለሽልማቱ ይሁን። ጥምቀት ሲደርስ 6,000 ብር በአንድ በኩል፣ 1,200 ብር በሌላ በኩል ይቀመጣል። ቁም ነገሩ ሁለቱ አለመቀላቀላቸው ነው። ሽልማቱ ከዋናው ገንዘብ ከተነሣ «ትንሽ ብቻ» እየተባለ ግቡን ይበላዋል። 1,200ው የተመኙትን ልብስ ካልገዛ ልብሱ ይነስ እንጂ ከ6,000ው አይጨመርበትም።

ገንዘቡ የሚነሣው ደመወዝ በገባበት ቀን ነው፤ ወር እስኪያልቅ ጠብቆ ከተረፈው እቆጥባለሁ ማለት ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ያስቀራል። የሚቀመጠውም ኤቲኤም ካርድ በሌለው ሌላ ሒሳብ ይሁን። በየቀኑ ከምንከፍልበት ቴሌብር ውስጥ የተተወ ብር ቁጠባ መሆኑ ይረሳል። ደመወዝተኛ ያልሆነው ነጋዴ ወይም የቀን ሠራተኛ ደግሞ ቁርጥ ያለ ብር ከሚያወጣ ከየዕለቱ ገቢ መቶኛ ቢይዝ ይሻለዋል፤ 10 በመቶ ቢል ገበያ በቀዘቀዘበት ቀን አይጨነቅም። ወለዱን ተስፋ አያድርጉ። በ7 በመቶ ቢታሰብ እንኳ በዚህ አካሄድ እስከ ጥምቀት መቶ ብር አይሞላም።

እቁብስ? እቁብ የሚያስቆጥበው ዳኛውና ይሉኝታው ነው፤ ጉልበቱም እዚያ ላይ ነው። ቀን ለተቆረጠለት ግብ ግን አይመችም። አሥር ሰው በወር የሚጥልበት እቁብ ላይ የእርስዎ ዕጣ ከጥምቀት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ተራ መለዋወጥ ካልተፈቀደ ወይም ዋስ ካላገኙ በቀር እቁቡን ቀን ለማይጠብቅ ዕቃ፣ ለፍሪጅ ለምሳሌ፣ ይያዙት።

ወደ ሰውነት እንቅስቃሴው ስንመጣ ኪሎን ግብ ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው። ሚዛን በአንድ ቀን ውስጥ በውኃና በጨው ብቻ አንድ ሁለት ኪሎ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል፤ በሥራዎ ላይ ሳይሆን በአጋጣሚ ይሸለማሉ ወይም ይቀጣሉ። ግቡ የተራመዱበት ቀን ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሦስት ቀን 20 ደቂቃ፣ በቀጣዮቹ ሁለት አራት ቀን 25 ደቂቃ፣ ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ አምስት ቀን 30 ደቂቃ። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ዳገታም ከተማ መጀመሪያውኑ መሮጥ ትንፋሽ አሳጥሮ ያስመርራል። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የደረት ሕመም ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይጀምር።

ብዙዎች የሚያቆሙት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው፤ ምክንያቱም ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ወደ ጎሃ ኮረብታ ሲወጡ የሚያልከው ልብ ነው፤ ሲወርዱ ግን የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል። ሕመሙ በማግስቱ ይጀምርና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይበረታል። ያልለመደው ሰው «ተጎዳሁ» ብሎ ይተኛል። ጉልበት ካላበጠ፣ ሕመሙም በሁለቱም ጭን እኩል ከሆነ፣ ጡንቻው እየለመደ ነው፤ ሜዳ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ መቀጠል ነው። አወራረዱን አጭር እርምጃ ያቀለዋል። ሲነጋ እንጂ በጨለማ አይወጣም፤ በጸጥታውም በውሻውም።

ባጃጅ የሚይዙበትን አንድ መንገድ በእግር ይቀይሩና ያልከፈሉትን ሒሳብ የዚያኑ ዕለት ማታ ሣጥን ውስጥ ይክተቱ። ነገ እከተዋለሁ የተባለው ሻይ ቤት ይቀራል። ለእግር ጉዞው ሽልማት የሚሆነውም ይኸው ሣጥን ነው፦ ጫማ ወይም የጫማ ጥገና። በምግብ መሸለም ግን ሒሳቡ አይገጥምም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በግማሽ ሰዓት እርምጃ የሚያወጣው ኃይል ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ወይም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብዙ አይበልጥም። ከኅዳር 15 እስከ ገና ያለውን የነቢያት ጾም ተማምነው «ጾሙ ያከሳኛል» የሚሉም ይህን ቢያስቡት ጥሩ ነው፤ ሽሮው ላይ የሚፈሰው ዘይት ጾም አያውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጉዞውን ከበላ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ቢያደርገው ይቀለዋል።

የማለፊያውን ልክ አስቀድመው ይጻፉ። በሳምንት አምስት ቀን ታቅዶ አራቱ ከተፈጸመ ሳምንቱ አልፏል፤ አንድ ቀን ስለጎደለ ሁሉን መተው የሚመጣው ልኩ ከመቶ መቶ ሲሆን ነው። በብሩም እንዲሁ፦ ለቅሶ ወይም ሕመም ከመጣ የወሩን ግማሽ፣ 750 ብር፣ ያስገቡ እንጂ ወሩን አይዝለሉ። የጎደለውን በሚቀጥለው ወር ላይ አይደርቡ፤ እጥፍ ክፍያ ከባድ ስለሆነ ሁለቱንም ያስቀራል። ጥር ላይ የተገኘው 4,500 ከሆነ የግቡ ሦስት አራተኛ ስለሆነ ከሽልማቱም ሦስት አራተኛው፣ 900 ብር፣ ይነሣል፤ የቀረው 300 ለትንሣኤ ለሚቆረጠው ግብ መነሻ ይሆናል።