ከወለድ ነፃ ተከራይ

በደሴ ቤት አከራይቶ ለመክበር የሚያስፈልገው ገንዘብ የሚገኘው፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ከባንክ ሳይሆን ከተከራይ ነው። ለዚህ የአከራያችንን የሐጂን አሠራር ማየት ይበቃል። ሐጂ ወለድ የሚባል ነገር ደጃቸው እንዲደርስ አይፈልጉም፤ በዚህም የሚወቅሳቸው የለም። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ሲጀምር ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበሩ። ይሁን እንጂ ባንክ ከወለድ ቢጸዳም ከወረቀት አይጸዳም፤ ካርታ አምጣ፣ ዋስትና አቅርብ፣ ገቢህን አሳይ ይላል። ተከራይ ግን ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ቆጥሮ ያስረክብና፣ ቁልፍ ስለተሰጠው አመስግኖ ይገባል። በዚያ ገንዘብ ከጎኑ ሌላ ክፍል ይሠራል፤ የአዲሱ ክፍል ተከራይ ቅድሚያ ደግሞ ሦስተኛውን ያስጀምራል። የጎደለውን እቁብና ጅዳ ያለችው ልጃቸው ይሞሉታል። መጸዳጃ ቤቱ ብቻ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፤ ለእሱ ቅድሚያ የከፈለ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

የከተማዋ ተዳፋትም ለአከራይ ያደላል። ከመንገድ ሲያዩት አንድ ደርብ የሆነ ቤት፣ ከጓሮ ሲያዩት ሁለት ይሆናል፤ በታች በኩል ግማሽ ጎኗ አፈር ውስጥ የተቀበረች ምድር ቤት ትገኛለችና። ግድግዳዋ ላይ የተንጠለጠለ ኮት በክረምት ከሌሊት ጤዛ በላይ ይረጥባል። ሐጂ ግን፣ «ይህች ክፍል እኮ ኮምቦልቻ ወርዳ ቢሆን ለቅዝቃዜዋ ብቻ ስንት ታወጣ ነበር!» ይላሉ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ኮምቦልቻ ላይ አለማከራየታቸው የዘወትር ቁጭታቸው ነው።

ወደ አስተዳደሩ ስንመጣ፣ የሚተዳደረው ቤቱ ሳይሆን ተከራዩ ነው። ቆጣሪው መፍጠን ሲጀምር ሐጂ ሽታ እየተከተሉ ከበር በር በመዞር ምጣድ የጣደውን ይለያሉ። የግቢው በር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይዘጋል። እህቴ ናት ተብላ የገባች እንግዳ፣ ባለፈው ወር ከገባችው እህት ጋር በቁመት ትነጻጸራለች። ቤቱን በተመለከተ ግን ሰፊ ነፃነት አለ፤ ጣሪያው እንደ ፈቀደው ያፈሳል። በነሐሴ ስንነግራቸው፣ «አብሽር ልጄ፣ ክረምቱ ሊወጣ ነው» ይላሉ፤ በጥር ስናስታውሳቸው ደግሞ፣ «አሁን ዝናብ የለ፣ ምኑ ያፈሳል?» ብለው በእውነተኛ ግርምት ይጠይቃሉ።

አንድ የተማረ ጎረቤታችን፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ መደንገጉን አነበበላቸው። ሐጂ እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ አዋጁ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት እስኪወጣ ድረስ እንደሚደክመው ገለጹ። ወረቀት የሚሸሹት ግን በንቀት ብቻ አይመስለኝም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ያየ ትውልድ፣ ቤቱ በመዝገብ ላይ ሲሰፍር ደስ ሊለው አይችልም። ስለዚህ ውላችን በቃል ነው፤ ቃሉም የሐጂ ነው።

ሰሞኑን ኪራይ ጨመሩ። ምክንያቱን ስንጠይቅ ሲሚንቶ መወደዱን ነገሩን። ቤቱ ከጭቃ መሠራቱን በትሕትና ብናስታውሳቸው ጥቂት አሰቡና፣ «የሚመርገውስ ሰውዬ? የቀን ዋጋውን ጨምሯል እኮ!» አሉ። መራጊው ለምን እንደ ጨመረ ራሱን ጠየቅነው፤ የቤት ኪራይ ስለ ተጨመረበት ነው። የሚኖረው ከእኛው በታች፣ ምድር ቤቷ ውስጥ ነው።