ዕድሜ ለጥያቄ ምልክት

«የክፍሉ ሙቀት 24?ሴ»። በዲግሪዋ ምልክት (°) ቦታ የጥያቄ ምልክት! ስክሪኑ ላይ ይህን ሳነብ ሐሴት ሞላኝ። ድሮ ፕሮግራም ቁርጡን ይነግረን ነበር፤ ዛሬ ሥልጡን ሆኖ ያማክረናል። «24 ዲግሪ ነው» ብሎ ድርቅ ከማለት «24 ይሆን እንዴ?» ማለት የጨዋ ልጅ ወግ ነው። ይህን ትሕትና ላስተማሩልን ፕሮግራመሮች ዕድሜ ይስጥልን።

ለዲግሪዋ ምልክት አጃቢ የመደቡላትም አሉ። ዩቲኤፍ-8 በተባለው ኢንኮዲንግ (ፊደላትን በቁጥር የመመዝገቢያ ዘዴ) እሷ ሁለት ባይት፣ ማለትም ሁለት ቁጥር ናት፦ 194 እና 176። ተቀባዩ ለአንድ ምልክት አንድ ባይት ብቻ በሚመድበው በላቲን-1 ኢንኮዲንግ ካነበባት ግን እያንዳንዱን ባይት ለብቻው ይቆጥርና ከፊቷ ቆብ የደፋ የላቲን «ኤ» (Â) ያቆማል። ክብርት ናትና ባለ ቆብ ቢቀድማት ምን ነውር አለው? ፋይሉ በዚሁ መንገድ በተመላለሰ ቁጥር አጃቢው ይበዛል። አንድ ሪፖርት ላይ ቁጥሩ ያለበት ለመድረስ ሰልፈኛውን እየገፋሁ ነው ያለፍኩት።

ዘውዱ የሚገባው ግን ሲምቦል የተባለውን ፎንት ለሚያፈቅሩት ነው። እዚያ ውስጥ የማይክሮ ምልክት (µ) መስሎ የሚታየው ከሥሩ ተራ የላቲን «ኤም» (m፣ የሚሊ ምልክት) ነው፤ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያው ኦም (Ω) የሚመስለውም «ደብልዩ» (W፣ የዋት ምልክት)። ጽሑፉ ወደ ሌላ ፎንት ሲሻገር ጭምብሉ ይወልቅና 50 ማይክሮግራም የነበረው 50 ሚሊግራም ሆኖ ቁጭ ይላል። 1,000 እጥፍ፣ ያውም በነፃ! 10 ኪሎ ኦምም 10 ኪሎ ዋት ይሆናል። ከአንዲት ጢኒጥ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መገደቢያ) ይህን ያህል ኃይል ያወጣ ሌላ ባለሙያ ካለ ይምጣ። ደግሞ የጥያቄ ምልክት እንኳ አይታይበትም፤ ፍጹም ትክክል መስሎ ነው የሚቀመጠው።

«እኔ ኮምፒውተር ላይ በደንብ ይታያል» ይሉናል። እንግዲህ አንባቢው ሁሉ ተራ ይዞ እዚያው ሄዶ ያንብብ እንጂ! ፋይሉ ሲጻፍም ሲነበብም ኢንኮዲንጉን በአንዲት መስመር መግለጽ ይቻል ነበር። ግን ዩቲኤፍ-8 የተነደፈው ገና እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ በዚህ ችኮላ ለምን አዲስ ነገር ይሞከራል?

ቅሬታዬን ለአንዱ ባቀርብ፣ አይ ፍጥነት፣ ወዲያው አስተካከለልኝ፦ ምልክቷንም አጠገቧ ያለውን ፊደልም ሰረዛቸው። አሁን ስክሪኑ «24» ይላል። ሴልሺየስ ከሆነ ካፖርቴን አወልቃለሁ፤ ፋራናይት ከሆነ ሌላ እደርባለሁ።