ማስተካከያ፦ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ የመድኃኒት ዝርዝርን በራሱ አያመሳክርም

«የታካሚው መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ካለ የመድኃኒት ዝርዝሩ በራሱ ይመሳከራል» የሚል ጽሑፍ በሰፊው ሲዛመት ሰንብቷል። ይህ ስህተት ነው።

መዝገቡ የሚያሳየው የታዘዘውን እንጂ ታካሚው በእርግጥ የሚወስደውን አይደለም። ሁለቱን ማመሳከር የሰው ሥራ ነው፤ የስክሪኑ አሠራር ያቀለዋል ወይም ያከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ የአንድ ሆስፒታል ጥናት፣ የኮምፒውተር ማዘዣ ሥርዓቱ ለ22 ዓይነት የመድኃኒት ስህተት ስጋት በር መክፈቱን አሳይቷል። የአንድን ታካሚ መድኃኒቶች በሙሉ ለማየት እስከ 20 ገጽ መክፈት ሊያስፈልግ ይችል ነበር። በጥናቱ የታየው ሥርዓት ያረጀ ነው፤ የተበታተነ ዝርዝር ግን ዛሬም ያሳስታል።

የተሳሳተው መረጃ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፦ ላሲክስና ፉሮሴማይድ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ላሲክስ የፉሮሴማይድ የንግድ ስም ነው። ሥርዓቱ ካላጣመራቸውና «ኮምፒውተሩ አይቶታል» ተብሎ ከታለፈ፣ ታካሚው እጥፍ ሊወስድ ይችላል። የተቋረጠ መድኃኒትም ማንም ካልሰረዘው ዝርዝሩ ላይ ይቆያል፤ «ሁሉም ታይቷል» የሚል አንድ ቁልፍ ካለ ደግሞ ሳይነበብ ማለፉ ቀላል ነው።

ስለዚህ ሆስፒታል ስትገቡም ስትወጡም፣ ያለ ማዘዣ የገዛችኋቸውን ጨምሮ፣ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ አሳዩ።